በአንድ ጄሪካን ሁለት ልክ

ለሞቶክሮስ ሞተር ቤንዚን የሚያዘጋጅ ሰው ዘይቱን በልኩ ከጨመረ በኋላ፣ ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት ትንሽ ይደግማል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ ዘይት ቢተርፍ እንጂ አይጉደል ብሎ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው። ውጤቱ ግን ሁልጊዜ የታሰበው አይደለም፤ ያች የተደገመች ዘይት ሞተሩን ወደ ሙቀት ልትገፋው ትችላለች። እንዴት የሚለውን ለመረዳት በአንድ ጄሪካን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ልኮች መኖራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው የዘይትና የቤንዚን ልክ ነው። ይህን ሰው በእጁ ይቀይጠዋል፤ ሥራው ማለስለስ ነው። ሁለተኛው የቤንዚንና የአየር ልክ ነው። ይህን ካርቡራቶሩ በየቅጽበቱ ይቀይጠዋል፤ ሥራው ማቃጠል ነው። ሁለቱ በአንድ ቧንቧ ስለሚያልፉ አንዱ ሲነካ ሌላው ይናጋል። በሁለተኛው ልክ የመጣን ችግር በመጀመሪያው ለማከም መሞከር ደግሞ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ስህተቶች ሁሉ ውዱ ነው።

በመኪና ውስጥ ያለው ባለአራት ምት ሞተር ዘይቱን ከታች በገንዳ ይይዛል። ፓምፕ ወደየክፍሉ ይልከዋል፣ ተመልሶ ይወርዳል፣ እንደገና ይሄዳል። ባለሁለት ምቱ እንዲህ ዓይነት ገንዳ የለውም፤ ከፒስቶኑ በታች ያለው ክፍል ለሌላ ሥራ ተይዟልና። ፒስቶኑ ሲወጣ ያ ክፍል ይሰፋና በካርቡራቶሩ በኩል አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወርድ የሳበውን ጨምቆ በሲሊንደሩ ጎን በተሠሩ መተላለፊያዎች ወደ ላይ ይሰደዋል። ክራንኩ የሚዞርበት ቤት ራሱ ፓምፕ ነው። ይህን አሠራር በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጆሴፍ ዴይ እ.ኤ.አ. በ1891 በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል። ዛሬ አንድ የሞቶክሮስ ሞተር ቢፈታ መሠረቱ ያው ነው።

በዚያ ቤት ውስጥ ዘይት ቢቀመጥ ከሚያልፈው ቤንዚን ጋር ተጠርጎ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ እንዲገባ ተደረገ። ሲያልፍ የክራንኩን ኩሽኔታዎች፣ የቤላውን ሁለት ጫፎች፣ ፒስቶኑን፣ ፋሻዎቹንና የሲሊንደሩን ግድግዳ በቀጭኑ ይቀባል፤ ከዚያ ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉ በማርሚታው ይወጣል። አንዴ ያለፈ ዘይት አይመለስም። ሞተሩ በየሰከንዱ አዲስ ዘይት ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ቤንዚን ሲያገኝ ብቻ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ቁልቁለት ላይ እንፈልጋታለን።

ለምሳሌነት የመረጥኩት የያማሃን ዋይዚ 250 ነው። ሆንዳና ካዋሳኪ በዚህ መጠን ያላቸውን ባለሁለት ምት ሞቶክሮስ ትተው ወደ ባለአራት ምት ሲዞሩ ያማሃ ይህን አላቆመም፤ ኬይሂን የተባለውን ካርቡራቶርም ይዞ ቆይቷል። 249 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ፒስቶን። በደቂቃ 8,000 ዙር ሲደርስ በሰከንድ 133 ጊዜ ገደማ ያቃጥላል፤ ባለሁለት ምት በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ያቃጥላልና። በዚህ ፍጥነት የልክ ስህተት ጉዳት ለማድረስ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም።

የመጀመሪያው ልክ በሒሳብ ቀላል ነው። 40 ለ1 ማለት 40 እጅ ቤንዚን ከ1 እጅ ዘይት ጋር ነው፤ ለ1 ሊትር 25 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 125 ይሆናል። በ32 ለ1 ለ5 ሊትር 156 ሚሊ ሊትር፣ በ60 ለ1 ደግሞ 83 ይበቃል። ያማሃ ለዋይዚ 250፣ 30 ለ1 ብሎ ይመክራል፤ ኬቲኤም ካርቡራቶር ለነበራቸው 250 እና 300 የኤንዱሮ ሞተሮቹ 60 ለ1 ይል ነበር። አንዱ ከሌላው እጥፍ ነው፤ ሁለቱም ግን ትክክል ናቸው። የዘይት ፍላጎት ከዙር ጋር ይሄዳልና። በውድድር ሜዳ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት ከ11,000 ዙር በላይ የሚጮህ 125 ሲሲ ሞተር ብዙ ዘይት ይበላል፤ ጫካ ለጫካ ቀስ እያለ ድንጋይ የሚወጣ 300 ሲሲ በጥቂት ዘይት ይኖራል። ይህኛው በ30 ለ1 ቢሞላ ያልተቃጠለው ዘይት ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ካንዴላውንም ያጠቁረዋል።

የዘይቱ ዓይነት ከመጠኑ እኩል ይመዝናል። የድሮ ተወዳዳሪዎች የጉሎ ዘይት ይወዱ ነበር፤ እኛ አገር በየአጥሩ ሥር ከሚበቅለው ጉሎ ፍሬ የሚጨመቀው ማለቴ ነው። ሌላው ዘይት ሲከዳ የጉሎ ዘይት በከፍተኛ ሙቀት ብረቱን ለቆ አይሄድም። ጉዳቱ የሚያጣብቅ ዝቃጭ መተዉ ነው፤ ፋሻው በቦይው ውስጥ ይያዛል፣ የጭስ መውጫው ቫልቭም መንቀሳቀስ ይከብደዋል። ዛሬ ጥሩ ሰው ሠራሽ ዘይት የጉሎን ጥንካሬ ያለ ዝቃጩ ይሰጣል። ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል ምልክት መፈለግ ነው። ቲሲ ደብሊው 3 የሚል የተጻፈበት ለጀልባ ሞተር የተሠራ ነው፤ በውሃ ቀዝቅዞ በተረጋጋ ዙር ለሚሠራ እንጂ ለሞቶክሮስ አይደለም። በጋራዡ መደርደሪያ ያለው የመኪና ሞተር ዘይት ግን ፈጽሞ መግባት የለበትም። እሱ በገንዳ ውስጥ እንዲኖር እንጂ እንዲቃጠል አልተሠራም፤ ሲቃጠል የሚተወው አመድ ፒስቶኑ አናትና ካንዴላው ላይ ይጋገራል።

አቀያየጡ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። ግማሹን ቤንዚን ማስገባት፣ በሚለካ ዕቃ የተለካውን ዘይት መጨመር፣ መነቅነቅ፣ የቀረውን መሙላት፣ እንደገና መነቅነቅ። በዓይን መገመት የለም። ልኩንና ቀኑን ጄሪካኑ ላይ መጻፍ ይገባል። ወራት የቆየ ቅይጥ ቀላሉ የቤንዚን ክፍል ተንኖበታልና ለሌላ ነገር ይዋል።

አንዴ የተመረጠ ልክ አይነካ። ምክንያቱ ይኸው።

በ40 ለ1 ቅይጥ ውስጥ ከ41 እጅ 40ው ቤንዚን ነው፤ 97.6 በመቶ። በ20 ለ1 ከ21 እጅ 20ው፤ 95.2 በመቶ። ካርቡራቶር ውስጥ ነዳጅን የሚመጥነው ጄት የሚባል የናስ ቁራጭ ነው፤ መሐሉ በልክ የተበሳ ነው። ጄቱ ፈሳሽ ያሳልፋል እንጂ ቤንዚንና ዘይት አይለይም። ዘይቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ከ2 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ ፈሳሹ ስለሚወፍርም በቀዳዳው ያለው ፍሰት ይዘገያል። የሚገባው አየር ግን አልቀነሰም። ስለዚህ የቃጠሎው ቅይጥ ቀጠነ፤ ቤንዚን አነሰው ማለት ነው። በኬይሂን ካርቡራቶር ዋናውን ጄት ከ178 ወደ 175 ማውረድ የቀዳዳውን ስፋት በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዘይት ማጠፍ ጄትን በአንድ ደረጃ ከማሳነስ ብዙም አይርቅም። ሞተሩ አስቀድሞ ጠርዝ ላይ ከሆነ ይህች ደረጃ ትበቃለች። ፒስቶኑ ይግላል፣ ይፋፋል፣ የዘይቱን ሽፋን ሰብሮ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ባለቤቱ ከፍቶ ሲያይ የተቧጨረውን ግድግዳ ያገኛል፤ "ዘይት አንሶት ነው" ብሎም በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይጨምራል።

ተቃራኒውም አለ። ከማርሚታው ጫፍ ጥቁር ቅባት ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ዘይት በዛ ብሎ ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የበዛው ቤንዚን ነው። ማገዶ ያለ ንፋስ ሲቆለል እንደሚጨስ ሁሉ፣ ከአየሩ በላይ ቤንዚን የገባበት ሲሊንደርም በደንብ አይነድም፤ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ዘይቱም ሳይቃጠል ይወጣል። ዘይት የቀነሰው ሰው በሽታውን ትቶ መከላከያውን አነሳ።

ወደ ሁለተኛው ልክ ስንሻገር ቅድሚያ ንጽሕና ነው። የአየር ማጣሪያው ታጥቦ በዘይት የራሰ፣ ካንዴላው አዲስ፣ ሞተሩም የትም የማይነፍስ መሆን አለበት። የክራንኩ ፓራኦሊዮ በማግኔቱ በኩል ካረጀ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይቀጥናል፣ በየትኛውም ጄት አይስተካከልም። በፍሪሲዮኑ በኩል ካረጀ ደግሞ የማርሽ ዘይት ይስባል፤ ጭሱ ነጭ ይሆናል፣ የማርሽ ዘይቱም የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጎድላል። የሞተሩን የመግቢያና የጭስ መውጫ አፎች ዘግቶ በእጅ ፓምፕ 0.4 ባር ያህል ግፊት ማስገባትና ለጥቂት ደቂቃ መያዙን ማየት እውነቱን ያወጣል። ይህን ሳያደርጉ ጄት መለዋወጥ ገንዘብና ቀን ማባከን ነው።

ካርቡራቶር አንድ መንገድ ብቻ የለውም። ከሚኒሞ እስከ ሩብ ጋዝ ትንሹ ጄትና የአየር ቪቴው ያዝዛሉ። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ መርፌው ያዝዛል። ከዚያ በላይ ዋናው ጄት። ድንበሮቹ ይደራረባሉ እንጂ እንደ ግድግዳ የተለዩ አይደሉም፤ ቢሆንም ችግሩ በየትኛው የጋዝ ከፍታ እንደሚታይ ያወቀ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። በጋዙ እጀታ ላይ ሩብ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛን በፕላስተር ምልክት ማድረግ ርካሽና ታላቅ ዘዴ ነው፤ በሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው እጁ የት እንዳለ በግምት ሲናገር ይሳሳታል።

እኔ ከላይ መጀመር እመርጣለሁ፤ ሞተር የሚያቃጥለው ሙሉ ጋዝ ነውና። ሁልጊዜም ከወፍራሙ ወገን ተነስቶ ወደ ቀጭኑ መውረድ ነው። ወፍራሙ ያናድዳል፣ ቀጭኑ ይገድላል። ትልቅ ጄት ገጥሞ በረጅም ቀጥ ያለ መንገድ በከፍተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ሞተሩ ይንተባተባል፣ ድምፁ አይጠራም። አንድ ደረጃ ማሳነስ፣ እንደገና መሞከር። ድምፁ ጠርቶ ሲጎትት ቀርበናል። ሙሉ ጋዝ ላይ ሳለ እጅን ጥቂት ሲመልሱት ፍጥነት ከጨመረ ግን ቀጥኗልና ወዲያው ወደ ትልቁ መመለስ ያስፈልጋል። የቅጭልጭልታ ድምፅ ከተሰማም እንዲሁ፤ ያ ቤንዚኑ ከሥርዓት ውጭ እየፈነዳ መሆኑን የሚናገር ነው።

ማረጋገጫው ካንዴላ ነው፤ ግን ብዙዎች በተሳሳተ መንገድ ያነብቡታል። እየነዱ ጋራዥ ድረስ መጥተው የሚፈቱት ካንዴላ የሚናገረው ስለ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሚኒሞ ነው። አዲስ ካንዴላ ገጥሞ፣ ሙሉ ጋዝ ላይ እንዳለ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሪሲዮን ይዞ መቆምና እዚያው መፍታት ነው። መታየት ያለበትም ጫፉ ሳይሆን የነጩ ሸክላ ሥር ነው። ቀለል ያለ ቡናማ ቀለበት ጥሩ ነው። ምንም ቀለም ያልያዘ ነጭ መቅጠንን ያመለክታል፤ ጥላሸት የለበሰ መወፈርን።

ከዚያ ወደ ታች። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ ሳለ የአየር ቪቴውን በካቻቪቴ ቀስ እያሉ በማዞር ዙሩ ከፍ የሚልበትን ቦታ መፈለግ። ቪቴው በተፈታ ቁጥር አየር ይጨምራል፣ ቅይጡ ይቀጥናል። ከዝግ ተነስቶ ከ1 ዙር ባነሰ የሚሻለው ከሆነ ትንሹ ጄት አንሷል፤ ከ2 ዙር ተኩል በላይ ከጠየቀ በዝቷል። ጋዝ ተለቅቆ ዙሩ ቶሎ የማይወርድ ሞተር እዚህ ቦታ ላይ ቀጥኖ ወይም አየር ከሌላ ቦታ እየሳበ ይሆናል። በአንዳንድ ካርቡራቶሮች ቪቴው በሞተሩ በኩል ያለና ነዳጅን የሚመጥን ስለሆነ አሠራሩ ይገለበጣል፤ የትኛው እንዳለዎት ሳያውቁ አይንኩት።

መርፌው በመጨረሻ ይመጣል፤ አብዛኛው የጫካ ግልቢያ የሚውለው ግን በሱ ግዛት ነው። አናቱ ላይ ያለችው ቅንጥብ ወደ ላይኛው ቦይ ስትሄድ መርፌው ይወርዳል፣ ቀዳዳውን ይበልጥ ይሞላል፣ ቅይጡ ይቀጥናል። ወደ ታች ስትሄድ ይወፍራል። በአንድ ቦይ ብቻ እየቀየሩ መሞከር።

አሁን የዚህን ጽሑፍ ትልቁን ጉዳይ እንንካ፤ ለደጋ ሰው የተለየ ነውና። የፋብሪካ ጄቶች በአብዛኛው ለባሕር ወለል ከፍታና ለ20 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት የታሰቡ ናቸው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሩብ በሚጠጋ ያንሳል፤ በዚያው ሙቀት በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው አየርም እንዲሁ። ሞተሩ የሚስበው የአየር መጠን በሊትር ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ሩብ ጎድሏል። ቤንዚኑ በዚያው ልክ ቢቀንስ ችግር አልነበረም። ነገር ግን በጄት የሚወጣው ነዳጅ የሚቀንሰው በአየሩ ቅናሽ ልክ ሳይሆን በስኩዌር ሩቱ ነው፤ በ13 በመቶ ገደማ ብቻ። ስለዚህ ቅይጡ ይወፍራል። ለማካካስ የጄቱን ስፋት በ13 በመቶ ማሳነስ ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚለካው በዲያሜትር ስለሆነ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። ከ178 ተነስተን 165 ወይም 168 አካባቢ እንደርሳለን። የጠፋውን ጉልበት ግን ማንም ጄት አይመልሰውም፤ አየሩ የለምና።

በዚህ ሁኔታ ተስተካክሎ አዲስ አበባ ላይ ጥሩ የሚሮጥ ዋይዚ 250 በፒክአፕ ተጭኖ ወደ አዋሽ ቢወርድ ምን ይሆናል? አዋሽ ከተማ 1,000 ሜትር አካባቢ ናት። ግፊቱ ከአዲስ አበባው በ17 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ሲሊንደሩ ብዙ አየር ያገኛል፣ በትንሹ ጄት የሚመጣው ቤንዚን ግን አይበቃውም። ሞተሩ ቀጠነ። ሰው የሚፈራው የአዋሽን ቀትር ነው፤ እኔ የምፈራው ንጋቷን ነው። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ በ35 ዲግሪ የአየሩ ብልጫ ከ17 ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። በማለዳው ቅዝቃዜ ግን ሙሉው ብልጫ አለ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሞተሩን የማቀዝቀዝ ሥራ ያከብዳል፤ ቅይጡ ይበልጥ የሚቀጥነው ግን ማልዶ፣ ጋላቢው "አየሩ እንዴት ደስ ይላል" ብሎ ሙሉ ጋዝ ሲከፍት ነው። ሌላም አለ። ሲሊንደሩ በደንብ ሲሞላ ጭመቃው ይበረታል፤ ደጋ ላይ ያልጮኸ ቤንዚን ቆላ ላይ መቅጭልጨል ይጀምራል። ስለዚህ 170፣ 172 እና 175 ጄቶችን በኪስ ይዞ መውረድና ሞተሩን ከማስነሳት በፊት መቀየር ግድ ነው። ሥራው ካርቡራቶሩን ዘንበል አድርጎ የታችኛውን ጽዋ ከመክፈት አያልፍም።

አሜሪካ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩ ይገለበጣል። ከተሞቻቸው 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የሮኪ ተራሮች መንገዶች ከ3,000 ሜትር ይሻገራሉ። እነሱ ሲወጡ ይወፍርባቸዋል እንጂ አይቀጥንም፤ ጉልበት ይጠፋል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ሞተር ግን አይሞትም። ከፍ ብሎ የተስተካከለን ሞተር ይዘው ሲመለሱ ነው መጠንቀቅ ያለባቸው።

ከፍታን ራሱ የሚያካክስ ሞተርም አለ። ኬቲኤም እ.ኤ.አ. በ2017 ባስተዋወቃቸው ባለሁለት ምት የኤንዱሮ ሞተሮች ካርቡራቶሩን አውጥቶ የአየር ግፊትን በራሱ የሚያነብ የነዳጅ መርጫ ተክቷል። ቤንዚኑ የሚረጨው ከክራንኩ ቤት በላይ፣ በመተላለፊያዎቹ ላይ ነው። ይህ ማለት ቤንዚን ውስጥ የተጨመረ ዘይት የክራንኩን ኩሽኔታ አያገኘውም፤ ዘይቱ በራሱ ትንሽ ገንዳና ፓምፕ ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ሞተር ያለው ሰው ሰርባትዮው ውስጥ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ይጨምር፣ የዘይት ገንዳውን ግን ከመውጣቱ በፊት ይመልከት።

የቀረን ቁልቁለቱ ነው። ከእንጦጦ አናት ወደ ከተማ የሚወርድ ጋላቢ ጋዙን ዘግቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል። በባለአራት ምት ይህ ጥሩ ልማድ ነው። በዋይዚ 250 ላይ ግን ዙሩ ከፍ ብሎ ሳለ የሚገባው ቤንዚን የሚኒሞ ብቻ ነው፤ ዘይቱም ከሱ ጋር ነውና እሱም የሚኒሞ ያህል ብቻ ይገባል። 30 ለ1 ቢሆን፣ 20 ለ1 ቢሆን፣ ያልገባ ቤንዚን ዘይት አያመጣም። ቁልቁለቱ ረጅም ከሆነ በየጥቂት ሰከንዱ ፍሪሲዮን ይዞ ጋዝ ቆንጠር አድርጎ መስጠት፣ ወይም ፍሪሲዮኑን እንደያዙ በፍሬን መውረድ ነው። ይህ በግልቢያ የሚሠራ ነው፤ በጋራዥ ውስጥ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም።